የስህተት መዝገብ ምንድን ነው?

የስህተት መዝገብ ለፈተና ስትዘጋጁ የሳታችሁትን ጥያቄ፣ የሳታችሁበትን ምክንያትና ያ ዓይነት ጥያቄ ዳግመኛ ሲመጣ የምታደርጉትን በራሳችሁ ቃል የምትጽፉበት ደብተር ነው። በወረቀትም ይሁን በኤክሴል ለውጥ የለውም። ጂ.አር.ኢ.ን ለመሰለ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አራት ወይም አምስት ሳምንት ብቻ ለቀረው ሰው ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አላውቅም።

ጊዜ ያጠረበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ጥያቄ ብዛት ነው። ወፍራም መጽሐፍ ይይዛል፣ በቀን ሃምሳ ጥያቄ ይሠራል፣ መልሱን ያመሳክራል፣ የሳተውን ማብራሪያ አንብቦ «አሃ፣ ገባኝ» ብሎ ያልፋል። ጊዜውን የምትበላው ይህች «ገባኝ» ናት። ሌላ ሰው የሠራው ሲነበብ ሁልጊዜም ይገባል፤ ፈተናው የሚፈልገው ግን ባዶ ወረቀት ይዛችሁ፣ ሰዓት እየቆጠረ፣ ራሳችሁ እንድትደርሱበት ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያው ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ሰውየው እዚያው ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ሦስት መቶ ጥያቄ ሠርቶ ውጤቱ ከነበረበት ያልተነቃነቀ ተፈታኝ ሰነፍ አይደለም፤ ሥራውን ግማሽ ላይ አቋርጦታል እንጂ።

የፈተናው አሠራር ራሱ ይህን ያስገድዳል። ጂ.አር.ኢ. እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አጥሮ ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ወርዷል፤ 30 ደቂቃው ለአንድ ድርሰት ነው። የቃላትና የንባቡ ክፍል 27 ጥያቄ፣ የሒሳቡም 27 ጥያቄ አለው። ሁለቱም ለሁለት ተከፍለው መጀመሪያ 12፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ ይቀርባል፤ የሁለተኛው ክፍል ጥያቄዎች መቅለል ወይም መክበድ የሚወሰነው በመጀመሪያው ባስመዘገባችሁት ውጤት ነው። ጥያቄው ጥቂት ስለሆነ በየጊዜው የምትደግሙት አንድ ዓይነት ስህተት ዋጋው ብዙ ነው። ያን ስህተት በስሙ ካላወቃችሁት ደግሞ ልታርሙት አትችሉም።

አንድ ጥያቄ ቀረብ ብለን እንይ። በሒሳቡ ክፍል ሁለት መጠኖችን አወዳድሩ የሚል የጥያቄ ዓይነት አለ። አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ 16 ይሰጣል እንበል። የመጀመሪያው መጠን ያ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው 4 ነው። አማራጮቹ አራት ናቸው፦ የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ሁለተኛው ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ በተሰጠው መረጃ ማወቅ አይቻልም። ብዙ ሰው «እኩል ናቸው» ብሎ ይሮጣል። ቁጥሩ ግን ኔጌቲቭ 4 ሊሆንም ይችላል፤ ስለዚህ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ መዝገባችሁ ላይ የምትጽፉት ነገር ወሳኝ ነው። «በግድየለሽነት ሳትኩ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አልጻፋችሁም፤ ነገ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር የለበትምና። «መልሱ የመጨረሻው አማራጭ ነው» ማለትም አይረዳም። የሚረዳው እንዲህ ያለው ነው፦ «ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ጥያቄው አላለም። ከዚህ በኋላ ስለ ቁጥሩ ምልክት ካልተነገረኝ ኔጌቲቭን፣ ዜሮንና ክፍልፋይን ሳልሞክር መልስ አልመርጥም።» ይህ አረፍተ ነገር የሚያገለግለው ለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንድ ቁጥር ከራሱ ካሬ ጋር ሲወዳደርም ይሠራል፤ 2 ካሬው ይበልጠዋል፣ ግማሽ ግን ከካሬው ይበልጣል።

በቃላቱም በኩል እንዲሁ ነው። ኳሊፋይድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁላችንም «ብቁ» በሚለው ፍቺው እናውቀዋለን። ሐያሲው ለመጽሐፉ ኳሊፋይድ ምስጋና ሰጠ ሲባል ግን ምስጋናው ገደብ አለበት፣ «ነገር ግን» አለበት ማለት ነው። ይህን የሳተ ሰው መዝገቡ ላይ «ቃሉን አላውቀውም» ብሎ ቢጽፍ ራሱን ያሳስታል። ችግሩ የሚያውቀው ቃል ሌላ ፍቺ እንዳለው አለመጠርጠሩ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ሺህ አዲስ ቃል መሸምደድ አይደለም።

በግምት ያገኛችሁትንም መዝግቡ። እንዲያውም ከሳታችሁት ይልቅ እሱ ያሰጋኛል፤ ትክክል የሚለው ምልክት ስለሚሸፍነው ማንም ተመልሶ አያየውም። አራት ደቂቃ የፈጀባችሁን ጥያቄም ጻፉት። በመጀመሪያው የሒሳብ ክፍል ለ12 ጥያቄ የሚሰጠው 21 ደቂቃ ነውና፣ ዘግይቶ የተገኘ ትክክለኛ መልስ የሌላውን ጥያቄ ጊዜ ወስዷል።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢ.ቲ.ኤስ. ፓወርፕሬፕ በሚባለው መለማመጃው ሁለት ሞዴል ፈተና በነጻ ይሰጣል። አንዱን ሳታጠኑ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰዓት ይዛችሁ ውሰዱ። ዝቅ ያለ ውጤት አያስደንግጣችሁ፤ የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጾች የሚገኙት ከዚያ ነው። ሁለተኛውን ፈተናው አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው አውጡት። በመካከል ባሉት ቀናት አንድ ሰዓት ጥያቄ ከሠራችሁ የዚያን ያህል ጊዜ ለመዝገቡ ስጡ። ይህ ሲነገር ብዙ ሰው ይከብደዋል፤ ጊዜ የለኝም ይላል። ጊዜ ስለሌለው ነው እኮ የሚነገረው።

መዝገቡ የተጻፈ ብቻ ከሆነ መቃብር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጥያቄውን ብቻ ከፍታችሁ፣ መልሱን ሸፍናችሁ፣ እንደ አዲስ ሥሩት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ሁለቱንም ጊዜ በራሳችሁ ከደረሳችሁበት ሰርዙት፤ ካልደረሳችሁበት ይቆይ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ምክንያቶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የሳታችሁት ጥያቄ ሰማንያ ቢሆን እንኳ ምክንያቶቹ ስድስት ወይም ሰባት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ የቀረው ጥናታችሁ በእነሱ ላይ ይሁን።

በፈተናው ቀንም ይጠቅማችኋል። ጂ.አር.ኢ. ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ በአንድ ክፍል ውስጥም ጥያቄ ላይ ምልክት አድርጎ ማለፍና መመለስ ይፈቅዳል። የትኛው ዓይነት ጥያቄ ሰዓታችሁን እንደሚበላ ከመዝገቡ ስለምታውቁ፣ ገና ስታዩት ግምታችሁን ሞልታችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ ትሻገራላችሁ። ውጤቱ ካላረካችሁ ፈተናውን ከ21 ቀን በኋላ ደግሞ መውሰድ ይቻላል፤ ያኔ ጥናቱ የሚጀመረው ሳይሰረዙ ከቀሩት ጥያቄዎች ነው።