የሰርቨር ራክ ኤሌክትሪክና ኧርዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰርቨር ዋጋ ላይ ሳምንት የሚከራከር መሥሪያ ቤት ስለ ሶኬቱ ሲጠየቅ «ኤሌክትሪሺያኑ ያውቃል» ብሎ ያልፋል። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለመደው የመኖሪያ ቤት ሥራ ነው። ከታች ያሉት አባባሎች የሚወለዱት በዚህ መሃል ነው። ራክ ሰርቨሮች የሚደረደሩበት የብረት ቁም ሣጥን ነው፤ ኧርዝ ደግሞ የመሣሪያን ብረት ከመሬት ጋር የሚያያይዘው የደህንነት መስመር ነው። ስሌቶቹ በእኛው 220 ቮልት የተሠሩ ናቸው።

«ዩፒኤስ ካለ ኧርዝ አያስፈልግም»

ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ያቀብላል እንጂ ኧርዝ አይፈጥርም። ከግድግዳው ሶኬት የኧርዝ ሽቦ ካልመጣለት በራሱ መውጫዎችም ላይ አይኖርም። ሶኬቱ በጎኑ የኧርዝ ምላስ ስላለው ብቻ አይታመን፤ ከኋላው ሽቦ ያልታሰረበት ሞልቷል። ተከፍቶ ይታይ፣ ይለካም።

ሰርቨሩን ሲነኩ የሚሰማውን ንዝረት «የተለመደ ነው» የሚሉ አሉ። ምንጩ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከሶኬቱ ኮረንቲ ተቀብሎ ለሰርቨሩ የሚያቀብለው ክፍል ነው። በውስጡ ያለው የረብሻ ማጣሪያ ከፌዝም (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ) ከኒውትራልም (ከሚመልሰው) ወደ ብረቱ በትናንሽ ካፓሲተሮች ስለተያያዘ፣ ኧርዝ ያጣ ቀፎ ወደ 110 ቮልት ገደማ ይወጣል። የአንዱ ፍሳሽ፣ ማለትም ወደ ብረቱ የሚያልፈው ኮረንቲ፣ ትንሽ ነው፤ ችግሩ መደመሩ ነው። ባለሁለት ፓወር ሰፕላይ የሆኑ 10 ሰርቨሮች በአንድ ራክ ቢኖሩና እያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ 1 ሚሊ አምፔር ቢያፈስ 20 ሚሊ አምፔር ይሆናል። የጋራው የኧርዝ ሽቦ ከተበጠሰ ራኩን የነካ ሰው ያን ሁሉ ሊቀበል ይችላል፤ 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ላይ ደግሞ ጡንቻ ተኮማትሮ እጅ መልቀቅ ያቅታል። ስለዚህ ራኩ ከሶኬቱ ኧርዝ ሌላ በቡሎን የታሰረ የራሱ የኧርዝ ሽቦ ይኑረው።

«ለሰርቨር ለብቻው ንጹህ ኧርዝ ይቆፈርለት»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ጥንቃቄ መስሎ ስለሚቀርብ ማንም አይጠራጠረውም። ጓሮ ይቆፈራል፣ የመዳብ ዘንግ ይተከላል፣ ከሰልና ጨው ይፈስበታል፣ ከሕንፃው ኧርዝ ጋር ሳይገናኝ ሽቦው ቀጥታ ወደ ራኩ ይገባል። ከጀርባው ያለው እምነት መሬት ኮረንቲን ይውጣል የሚል ነው። ኮረንቲ ግን የሚሄደው ወደ መጣበት ትራንስፎርመር ለመመለስ ነው፤ አፈሩ መመለሻ መንገድ ብቻ ነው፣ ያውም መጥፎ መንገድ።

እናስላው። የአዲሱ ዘንግ ተቃውሞ 10 ኦም፣ በትራንስፎርመሩ በኩል ያለውም 10 ኦም ነው እንበል። የፌዝ ሽቦ ተልጦ የሰርቨሩን ብረት ቢነካ፣ 220 ቮልት ለ20 ኦም ሲካፈል 11 አምፔር ይሆናል። ለ16 አምፔር ብሬከር ይህ ተራ ጭነት ስለሆነ አይወርድም። ራኩ 110 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል፤ መብራቶቹ ይብለጨለጫሉ፣ ሰርቨሮቹም ይሠራሉ። መመለሻው የሕንፃው የኧርዝ ሽቦ ሆኖ ኒውትራልና ኧርዝ በዋናው ቦርድ የተገናኙ ከሆነ ግን የዙሩ ተቃውሞ 1 ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 220 አምፔር ይፈስና ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል።

መብረቅ አካባቢውን ሲመታም ሁለቱ ያልተገናኙ ዘንጎች የተለያየ ቮልቴጅ ላይ ይወጣሉ፤ ልዩነቱ ራኩን ከሌላው ፎቅ ጋር በሚያገናኘው የኔትወርክ ኬብል በኩል ያልፋል። የኔትወርክ ስዊች ፖርቶች የሚቃጠሉበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ዘንግ መትከሉ አይከፋም፤ በወፍራም መዳብ ከሕንፃው ዋና ኧርዝ ጋር ይታሰር። ጨዉ በየክረምቱ ስለሚታጠብ ልኬቱም በየጊዜው ይደገም፤ ብረቱንም ይበላዋል። መመለሻው አፈር ብቻ በሆነበት ሕንፃ ደግሞ ፍሳሽ ሲያይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ግድ ነው። ባለ30 ሚሊ አምፔሩ ላይ ብዙ ሰርቨር ከተጫነ ግን ያለ ብልሽት ይወርዳል፤ ጭነቱ ይከፋፈል።

«ኒውትራልና ኧርዝ ያው ስለሆኑ ሶኬት ላይ ይገናኙ»

ኒውትራሉ መንገድ ላይ በተበጠሰ ቅጽበት የሰርቨሩ ብረት እስከ 220 ቮልት ሊደርስ ይችላል። መገናኘት ካለባቸው በዋናው ቦርድ፣ አንድ ቦታ ብቻ።

«ሁለት ፓወር ሰፕላይ ስላለው አይጠፋም»

ሁለቱም አንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ዲቫይደሩ ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ለየብቻ መስመር ያላቸውም ቢሆኑ ሒሳቡ ብዙዎችን ያሳስታል። በ16 አምፔር ብሬከር ላይ ያለማቋረጥ ከ80 በመቶ፣ ማለትም ከ12.8 አምፔር በላይ አይጫንም። ሁለቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው 10 አምፔር ቢሸከሙ በየራሳቸው ደህና ይመስላሉ። አንዱ ሲቋረጥ ግን ሌላው 20 አምፔር ይወድቅበትና እሱም ተከትሎ ሊወርድ ይችላል። የሁለቱ ድምር ከ12.8 እንዳያልፍ በየመስመሩ 6.4 አምፔር ላይ ማቆም ነው።

ብሬከሩ ሲወርድ በ32 መተካት የሚቀናቸውም አሉ። ግድግዳው ውስጥ ያለው 2.5 ካሬ ሽቦ ግን አልተቀየረም፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው።

«ቮልቴጅ ሲወርድ የሚስበው ኮረንቲም ይቀንሳል»

ለድሮው ባለ ክር አምፖል ልክ ነው። የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ግን የሚፈልገውን ዋት ሳይቀንስ ስለሚስብ ኮረንቲው ይጨምራል። በ220 ቮልት 12 አምፔር የሚስብ ራክ በ180 ቮልት 14.7 ገደማ ይደርሳል። ማታ ማታ ቮልቴጅ በሚወርድበት ሰፈር የመስመሩ ስሌት በዝቅተኛው ቁጥር ይሠራ።

«ራኩ ብረት ስለሆነ በራሱ ኧርዝ ሆኗል»

ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ማጠፊያ ላይ የተንጠለጠለ በርም አይታመንም። ከበሩና ከጎን ቆርቆሮዎቹ ወደ ራኩ አካል አጭር የመዳብ ማሰሪያ ይሳብ፣ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ይፋቅ። ከዚያ ሰርቨር ሳይጫን፣ ከበሩ እስከ ኧርዝ መያዣው በመልቲሜትር ይለካ።