ጂኦካሺንግ በሰሜን ሸዋ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ እየተመሩ ሌላ ሰው የደበቀውን ሳጥን ከቤት ውጭ ፈልጎ የማግኘት ጨዋታ ነው። ደባቂው ውሃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ የስም መጻፊያ ወረቀት ከትቶ አንድ ቦታ ይሸሽገዋል፤ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በድረ ገጽ ያወጣል። ፈላጊው ቁጥሩን በስልኩ ወይም በእጅ ጂፒኤስ ይዞ ይወጣል፤ ካገኘ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሳጥኑን እንደነበረ ይመልሰዋል። በሳጥኑ ውስጥ የቁልፍ መያዣ፣ የልጆች መጫወቻ ወይም የውጭ አገር ሳንቲም ሊገኝ ይችላል። አንዱን የወሰደ በምትኩ እኩያውን ወይም የተሻለ ነገር ይተካል። ከዚያ የዘለለ ሽልማት የለም፤ እግር ማፍታታትና አገር ማየት ነው።

ሰሜን ሸዋ ሲባል እዚህ በዋናነት የሚታሰበው በአማራ ክልል ያለው ዞን ነው፦ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝ፣ ጣርማበር፣ መርሐቤቴና አካባቢያቸው። በኦሮሚያ ክልልም ይኸው ስም ያለው ዞን ስላለ ደብረ ሊባኖስ እግረ መንገዱን ይነሳል።

አመጣጡ

የጨዋታው ልደት ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። ጂፒኤስን የሠራው የአሜሪካ ጦር ለሲቪል ተጠቃሚ የሚለቀቀውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ተራ ሰው የገዛው መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይስት ነበር። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ይህ ማዛባት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000፣ በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ቆመ። በአንድ ሌሊት የዓለም መሣሪያ ሁሉ ያለ ምንም ጥገና ብዙ እጥፍ ትክክለኛ ሆነ።

በማግስቱ፣ ሚያዝያ 25፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ በምትባል መንደር አጠገብ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ጫካ ውስጥ አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ የቪዲዮ ካሴት፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበር። የቦታውን ቁጥር ስለ ሳተላይት አሰሳ በሚወያዩ ሰዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለጠፈና «የተወሰነ ውሰዱ፣ የተወሰነ ተዉ» የምትል አንዲት ደንብ ጨመረበት። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሁለት ሰዎች አገኙት። ቀዳሚው ማይክ ቲግ ሲሆን፣ ሌሎች እየተከተሉ የደበቁትን ሁሉ በግል ገጹ ላይ ይመዘግብ የጀመረውም እሱ ነው። በዚያው ወር ማብቂያ ማት ስተም የተባለ ተሳታፊ አሁን የምንጠራበትን ስም አቀረበ። ነሐሴ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ደግሞ ጄረሚ አይሪሽ ዛሬም ዋናው የሆነውን ድረ ገጽ ከፈተ። በዕለቱ በዓለም ዙሪያ የሚታወቁት ሳጥኖች 75 ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ባልዲ በነበረበት ቦታ አሁን የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል። አስቂኙ ነገር ምግብ መደበቅ ዛሬ ክልክል መሆኑ ነው፤ የኡልመር ባቄላ በዛሬው ሕግ አያልፍም ነበር።

ከዚህ ቀደም በእንግሊዝ ዳርትሙር በተባለ ረግረጋማ ደጋ እ.ኤ.አ. ከ1854 ጀምሮ ተጓዦች የስም ካርዳቸውን በድብቅ ጠርሙስና ሳጥን ውስጥ የመተው ልማድ ነበራቸው። በኢትዮጵያ ጨዋታው ገና የጥቂት ሰዎች ነው።

ዓይነትና ደረጃ

ተራው ዓይነት አንድ ቁጥር፣ አንድ ሳጥን ነው። አንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የሚመራበት፣ ወይም ቁጥሩ በእንቆቅልሽ የሚፈታበት ዓይነትም አለ። መጠኑ ከጣት ጫፍ እስከ ባልዲ ይደርሳል። የለስላሳ ጠርሙስ ከመነፋቱ በፊት ያለችው ወፍራም ቱቦ ክዳኗ ጥብቅ ስለሆነ ተወዳጅ ናት። እያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንዱ ለአፈላለጉ፣ ሌላው ለመንገዱ፣ ሁለቱም ከ1 እስከ 5። የመንገድ 1 በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረስበት ማለት ሲሆን 5 ገመድ ወይም ጀልባ የሚጠይቅ ነው። በእኛ ምድር ብዙው ከ3 በታች አይወርድም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምድሩ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእሷ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደተጓዙ ሜዳው በድንገት ያልቅና ከሥር የአፋር ቆላ ይታያል። ጣርማበር ላይ በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ ዛሬም የደሴን መንገድ ያስተላልፋል። ጉም ካልሸፈነው ከዋሻው ማዶ ያለው ቁልቁለት እስከ ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ድረስ አንዱን ከሰዓት ይበላል። አንኮበር ላይ የነገሥታቱ ግቢ ፍርስራሽ፣ ዝቅ ብሎ የወፍ ዋሻ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። አንጎለላ ምኒልክ የተወለዱባት ናት።

የዚህ አካባቢ ጌጥ ግን መንዝ ጓሳ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋው የጓሳ ሣር ሜዳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚታይበት ሲሆን ጥበቃው የሕዝቡ ነው፤ ያውም የዛሬ አይደለም። አቅኚዎቹ አስቦና ገራ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መሬቱን እንዳስጠበቁት ይተረካል። በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት የሚለው ወግ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ቀሮ የተባለው የጥበቃ ሥርዓት ግን ማንም አይክደውም። በቀሮ ሜዳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት በሥርዓት ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቀሮ ቢፈርስም ሕዝቡ በኮሚቴና በውስጥ ደንብ ተክቶት ጓሳን እዚህ አድርሶታል። ከውጭ የመጣ የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት ሳይኖር ይህን የሠራ ሕዝብ መኖሩን የሚያውቅ ፈላጊ ሣሩን ሲረግጥ ይጠነቀቃል። ጓሳ ውስጥ ማንኛውንም ዕቃ ለማስቀመጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መሐል ሜዳ ያለው የማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት ነው።

የሚያማርሩ ነገሮች

አንደኛው ገደል ነው። ስልኩ የሚናገረው አግድሙን ርቀት ብቻ ነው። አፋፍ ላይ ቆሞ «10 ሜትር ቀረህ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ሳጥኑ ከእግሩ ሥር 200 ሜትር ታች ሊሆን እንደሚችል የሚገባው ዘግይቶ ነው። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የሚታየው ሰማይ ጠባብ ስለሆነ ሳተላይቱ ያንሳል፤ ምልክቱም ከገደሉ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ጠቋሚው ቀስት ይዋልላል። ሜዳ ላይ አምስት ሜትር የሚስት ስልክ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ብዙ እጥፍ ይስታል። እዚያ የሚያዋጣው ቀስቱን መከተል ትቶ «እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር?» ብሎ ማሰብ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው የካርታ ጣጣ ነው። የአገራችን ባለ 1፡50,000 የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ የኬክሮስና ኬንትሮስ መቁጠሪያ መነሻ ነው፤ የጂፒኤስ ሥርዓት ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ከወረቀቱ የተነበበ ቁጥር ሳይለወጥ ስልክ ላይ ቢገባ ሰውየው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። በመንዝ ምድር 200 ሜትር ማለት ሌላ ተራራ ነው። የቁጥር አጻጻፍም ያሳስታል፤ ጨዋታው ዲግሪና ደቂቃ ከነሽርፍራፊው ይጠቀማል፣ ስልኮች ብዙ ጊዜ ዲግሪን በአሥርዮሽ ያሳያሉ። የደቂቃ አንድ ሺኛ ወደ ሰሜን ሲቆጠር 1.85 ሜትር ገደማ ስለሆነች አንዲት አኃዝ መዝለል ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው የሳጥኑ መጥፋት ነው። ባለክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ለገጠር ቤት ጨው ወይም በርበሬ ያስቀምጣል። እረኛው ካገኘው ወስዶ ለእናቱ ቢሰጥ ወደቀ የተባለ ዕቃ አነሳ እንጂ ሌባ አይባልም፤ ጥፋቱ ያልጠየቀው የደባቂው ነው።

የአየሩን ነገር ማንሳትም ግድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የደብረ ብርሃን ውርጭ የስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ የክረምቱ ዝናብና የጣርማበር ጉም ወረቀቱን ያሻግታል፣ እስክሪብቶውን እንቢ ያሰኛል። እርሳስ ይሻላል። ኔትወርክ የማይታመን ስለሆነ ገጹንና ካርታውን ከቤት አውርዶ መውጣት ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የሞባይል ዳታን ለረጅም ጊዜ ከማቋረጡም በላይ መንገዱንም አስጊ አድርጎታል። የዕለቱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ መውጣት ሞኝነት ነው። ኅዳር 2014 ላይ ውጊያው ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ ስለነበር በዚያ መስመር ቁጥቋጦ ውስጥ የሚታይ የማይታወቅ ብረት አይነካም።

ሥነ ምግባር

የጨዋታው ዓለም አቀፍ ደንብ የሚታወቅ ነው። በሁለት ሳጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይኑር፤ መሬት ተቆፍሮ አይቀበር፤ የባለይዞታው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ቅርስ አይነካ፤ ምግብና አደገኛ ነገር አይደበቅ። ለእረፍት መጥቶ ሳጥን ጥሎ ወደ አገሩ የሚበር ቱሪስትም አይፈቀድለትም፤ ደባቂ ሳጥኑን እየተመላለሰ የሚጠብቅ፣ ወይም በቦታው የሚጠብቅለት ሰው ያለው መሆን አለበት። እዚህ ሲመጣ ግን የሚጨመሩ ነገሮች አሉ።

ዋናው ድብብቆሹ ነው። የውጭ ፈላጊዎች ምክር ሰው ሲመጣ ስልክ የሚያወሩ መስሎ ማለፍ ነው። ሸዋ ላይ ይህ አይሠራም፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ድንጋይ ሥር የሚያነፈንፍ እንግዳ ወይ ጣሊያን ቀብሮታል የሚባለውን ወርቅ ፈላጊ ነው፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሰርቅ ነው፣ ወይ ከዚያ የባሰ። ከአንጎለላ ወጣ ብሎ ጓደኞቻችን ለሙከራ የደበቁትን ቱቦ አንድ ካብ ሥር ተንበርክከን ስንፈልግ፣ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው «ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?» አሉ።

«ምንም አልጠፋንም አባባ፤ ጓደኛችን የደበቀውን ዕቃ እየፈለግን ነው፤ ጨዋታ ነው።»

ቱቦዋን ስናወጣ ከፍተው አዩ፣ ወረቀቷን አገላበጡ፣ ሳቁ። ሊሄዱ ሲሉ ግን ወደ ካቡ በበትራቸው እያመለከቱ «ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት፤ ክረምት ጎርፉን የሚመልስልን እሱ ነው» አሉን።

ካብና እርከን ውስጥ መደበቅ እንደማይገባ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አይቻልም። አንዱ ፈላጊ አንድ ድንጋይ ቢያነሳ ቀጣዩ ሦስት ያነሳል፣ እርከኑ በሁለት ክረምት ይናዳል። የእንግሊዝ አርሶ አደሮችም ስለ ድንጋይ አጥራቸው ይህንኑ ያማርራሉ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከመቃብርና ከጸበል መራቅ የግድ ነው፤ ቅጥሩን የከበቡት ጽድና ወይራዎች መደበቂያ ቢመስሉም የደብሩ ናቸው። የአንኮበር ፍርስራሽ ድንጋይም አይነካም። የደረሰ ሰብል መሐል አይገባም፤ ውሻ ካለበት ቤት አጠገብ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ነው። እረኛ ልጆች ከተከተሉ አብረው እንዲፈልጉ ማድረግ ይሻላል፤ ካገኙትም የመጀመሪያው ስም የነሱ ነው።

የሳጥኑ መልክም ይታሰብበት። የጥይት ሳጥን በአሜሪካ የተወደደ መደበቂያ ነው፤ እዚህ ግን ሊታሰብ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 ዌዘርቢ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ አንድ ተራ ሳጥን ቦምብ ተብሎ መንገድ ተዘግቶ በባለሙያ እንዲፈነዳ ተደርጓል። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በአማርኛ «ይህ የጨዋታ ዕቃ ነው፤ እባክዎ እንደነበረ ይተዉት» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ይመረጣል፤ ለቀበሌው አስቀድሞ መንገርም አይከፋም። ፈላጊዎች ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በመንገዳቸው ያገኙትን ቆሻሻ ለቅመው የመመለስ ልማድ አላቸው። የውሃ ፕላስቲክ በበዛበት የጣርማበር አፋፍ አንድ ፌስታል ይዞ መውጣት በቂ ሥራ ይሆናል።

ሳጥን የሌለው ዓይነት

ከላይ የተባለውን ችግር አብዛኛውን የሚያስቀር አንድ ዓይነት አለ፤ ለሰሜን ሸዋም ከሁሉ የሚስማማው እሱ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ማኅበር ባስጀመረው አሠራር ምንም ነገር አይደበቅም። ፈላጊው ቦታው ድረስ ሄዶ ስለ መሬቱ አፈጣጠር የተጠየቀውን በዓይኑ አይቶ ይመልሳል፣ መልሱን ለአዘጋጁ ይልካል። የባለይዞታ ፈቃድ እዚህም አይቀርም።

ጥያቄ የሚሆን ድንጋይ ደግሞ ሞልቷል። የአካባቢው ደጋ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት ነው፤ ላቫው ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ የቆመባቸው ባለማዕዘን ዓምዶች በየገደሉ ይታያሉ፣ የማዕዘኖቹን ቁጥር ማስቆጠር ይቻላል። ጀማ ወንዝ ይህን ባዛልት ቆርጦ ከሥሩ ያለውን የባሕር ዘመን የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ አውጥቶታል፤ ከአፋፉ ሆኖ የድርቦቹን ቀለም መለየት ነው። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው በተለምዶ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው፣ ራስ ዳርጌ ያሠሩት ለመሆኑ ግን ብዙዎች የሚስማሙበት የድንጋይ ድልድይ ፏፏቴው ገደሉን እንዴት ወደ ኋላ እንደሚበላ ለማየት ይመቻል። ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ላይ በ1998 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንሸራተት ቤትና ማሳ ጠርጎ የሄደ ስለሆነ ቦታውን የሚመርጥ አዘጋጅ የነዋሪውን ሐዘን ማሰብ ይኖርበታል። ጥያቄውም ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚመለስ ይሁን፤ ያ ቁልቁለት በዝናብ ጊዜ አሁንም ይንቀሳቀሳል።