የተቋም ለውጥ፦ ከጥናት እስከ ድልድል

የተቋም ለውጥ የሚባለው የሥራ ሂደቱ፣ መዋቅሩና የሰው ምደባው አንድ ላይ ሲነኩ ነው። የመምሪያን ስም ወደ ዳይሬክቶሬት መቀየር በዚህ አይቆጠርም። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሥራው የተለመደው በ1980ዎቹ መጨረሻ በተጠነሰሰው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ሲሆን፣ ቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከሥሩ እንደ አዲስ መቅረጽ)፣ ውጤት ተኮር ሥርዓት (አፈጻጸምን በግብ መመዘን)፣ ካይዘን (ከጃፓን የመጣው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ) እና የለውጥ ሠራዊት (ሠራተኛውን በቡድን አደራጅቶ ለለውጥ ማሰለፍ) ተከታትለው መጥተዋል። አንዱ ሳይቋጭ ሌላው ስለሚደርስ፣ ሠራተኛው «ለውጥ» ሲባል ሥልጠናና አበል ቢታየው አይፈረድበትም።

የአጥኚ ቡድኑ የመጀመሪያ ሥራ ነባሩን ሂደት መሳል ነው። አንድ ፋይል ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ባለጉዳዩ እጅ እስኪገባ ይከተሉታል፤ በየጠረጴዛው የተሠራበትን ደቂቃና የተኛበትን ሰዓት ለየብቻ ይመዘግባሉ። አምስት የሥራ ቀን የፈጀ ፈቃድ በእጅ የተሠራው ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው ፊርማ ጥበቃ ነው፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሂደቱን ከመመሪያ ላይ የሚገለብጥ ቡድን ይህን አያየውም። ሌላው የተለመደ ስህተት የመወሰን ውክልና ያልተሰጠው «አንድ መስኮት» (ባለጉዳዩ ሁሉንም በአንድ ቦታ እንዲጨርስ የታሰበ አገልግሎት) ነው፦ ባለሙያው ፋይሉን በመስኮት ይቀበልና ባለጉዳዩን ተክቶ በድሮዎቹ ጠረጴዛዎች ይዞር ጀመር።

የሥነ ምግባሩ ፈተና የሚከብደው ድልድል ላይ፣ ማለትም ሠራተኛው በአዲሱ መዋቅር ሲመደብ ነው። ሥራን ያጠና ሰው፣ ሰውን መዳቢ መሆን የለበትም። በጥናት ጊዜ «የእኔ ሥራ በቀን ሁለት ሰዓት ነው» ብሎ እውነቱን የተናገረ ሠራተኛ በዚያው ቃሉ ተንሳፋፊ (ምደባ ያጣ) ከሆነ፣ በቀጣዩ ጥናት ሁሉም «ሥራ በዝቶብኛል» ይላል። መስፈርቱና ነጥቡ ስም ከመሞላቱ በፊት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ውስጥ ከመዳቢዎቹ አንድም ሰው አይገባም። «ማንም አይነካም» የሚል ቃል ደግሞ ጥናቱ ሳያልቅ አይሰጥም።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚገዛው ድርጅት ከሆነ የቅነሳው ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀምጧል። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ፣ ከስንብት ክፍያውም ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይገባዋል። ከውጭ የመጣ አማካሪ ክፍያው በተቀነሰው ደመወዝ መጠን እንዲሰላ ከተስማማ፣ ምክሩ ከመጀመሪያው ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ለቢፒአር መሠረት የጣለው ማይክል ሐመር እንኳ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የመሐንዲስነት ትምህርቱ ስላደላበት ለሰው ጉዳይ በቂ ቦታ እንዳልሰጠ አምኗል።

አዲሱ ሂደት በጀመረ በሦስተኛው ወር ያንኑ ዓይነት ፋይል እንደገና መከተል ያስፈልጋል። የተሰረዘው ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በዚህ መሐል ነው፤ «ለመረጃ ያህል» በሚል ግልባጭ ይጀምርና፣ ግልባጩ ለቀድሞው ፈራሚ ካልደረሳቸው ፋይሉ አይወጣም ይባላል።