«ጭራ ያለውን ፎንት አድርግልኝ»፦ ስለ ተያያዥ ጽሑፍ የሚባለውና እውነታው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር የሰርግ ካርድ የሚያሠራ ሰው ስሙ በላቲን፣ በአማርኛ፣ አንዳንዴም በዐረብኛ «በዚያ ተጠማዝዞ በሚያያዘው ጽሑፍ» እንዲወጣለት ይፈልጋል። ሦስቱ ግን በአንድ መንገድ አይያያዙም፤ አንዱማ ጭራሽ አይያያዝም።

«ፎንቱን ከመረጥን አማርኛውም በዚያው ይወጣል»

አይወጣም። በላቲን ተያያዥ ፎንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአማርኛ ፊደል የለም። ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን ያሳያል፣ ወይም ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ (አማርኛ ካላቸው የዊንዶውስ ፎንቶች) ተበድሮ ይሞላል። ፎንቱን አሥር ጊዜ ቢቀያይሩት አማርኛው ንቅንቅ የማይለው ለዚህ ነው። በድሮው የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተተየበ ፋይል ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል፦ ፎንት ሲቀየር ጽሑፉ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። የድሮዎቹ ፎንቶች ፊደሉን ያስቀመጡት በላቲን ፊደሎች ቦታ ነበርና። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ካርዱ ላይ ያሉት ስሞች ጥቂት ስለሆኑ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ይቀላል።

«አማርኛውም እንደ ላቲኑ ጭራ ቢወጣለት ያምራል»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በላቲን ጭራ ጌጥ ነው፤ በአማርኛ ግን ጭራ ድምፅ ነው። ሰ፣ ሳ እና ሶን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቱ። በሰ ሁለቱም እግሮች እኩል ናቸው፤ በሳ የቀኙ ይረዝማል፤ በሶ የግራው። ስለዚህ ዲዛይነሩ ለውበት ብሎ የሰን ቀኝ እግር ወደ ታች ሲስበው «ሰላማዊት» «ሳላማዊት» ትሆናለች። በ፣ ባ እና ቦም እንዲሁ ናቸው። የተን እግር ጫፍ ወደ ግራ ካጠፉት ታ ሆኖ ይነበባል።

ጭራ የግድ ካስፈለገ እግር ላይ አይቀጠልም። ከስሙ በታች ራሱን ችሎ የሚሄድ ሐረግ ይሣልና ከፊደሎቹ እግር ቢያንስ የአንድ እግር ርዝመት ያህል ይራቅ። (በኛ ጽሑፍ በተፈጥሮው የሚያያዝ ነገር ከተፈለገ የግዕዝ ቁጥር አለ። ፳፻፲፯ ሲጻፍ የላይና የታች መስመሮቹ በብዙ ፎንቶች ገጥመው አንድ ሐዲድ ይሠራሉ። ካርድ ላይ ከየትኛውም ጭራ ይልቅ ያምራል።)

«አማርኛውን ኢታሊክ ብናደርገው ከላቲኑ ጋር ይመሳሰላል»

የላቲኑ ዘንበል ያለ ጽሑፍ ከሹል ብዕር የመጣ ነው። ወደ ታች ሲጫኑት ይወፍራል፣ ወደ ላይ ሲመለስ ይሳሳል፤ ኮፐርፕሌት በሚባለው ስልት ከመስመሩ ጋር 55 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። የኛ ውፍረትና ቅጥነት ግን ከተቆረጠ የሸምበቆ ብርዕ የመጣ ነው፦ ቋሚው ይወፍራል፣ አግድሙ ይሳሳል። ኢታሊክ ሲጫኑ ኮምፒውተሩ አዲስ ፊደል አይሥልም፤ ያለውን ይገፋዋል። የዐ እና የመ ክብ አንድ ጎኑ ይወፍርና ሌላው ይከሳል። አማርኛውን ቀጥ አድርጎ መተው ይሻላል፤ ሁለቱን ለማስማማት የመስመሮቻቸውን ውፍረት ማቀራረብ ይበቃል።

«ስሙ ቦታ እንዲሞላ ፊደሎቹን ትንሽ ማራራቅ ነው»

የላቲን ተያያዥ ፎንት የአንዱ ፊደል መውጫ ከሚቀጥለው መግቢያ ጋር በትክክል እንዲገጥም የተለካ ነው። ትራኪንግ (የፊደሎቹ ሁሉ ርቀት) ከ0 ከፍ ሲል መገጣጠሚያው ይበጠሳል። ኬርኒንግም (የሁለት ጎረቤት ፊደሎች ርቀት) «ኦፕቲካል» ላይ ከሆነ ያው ነው፤ በዲዛይን ፕሮግራሞቹ፣ ኢላስትሬተር ላይ «ኦቶ»፣ ፎቶሾፕ ላይ «ሜትሪክስ» ይደረግ። ቦታ ለመሙላት የፊደሉን መጠን ይጨምሩ። ስሙን በሙሉ በካፒታል መጻፍም አይሞከር፤ ካፒታሎቹ ለመጀመሪያ ቦታ የተሣሉ ስለሆኑ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

«ዐረብኛው የተነጣጠለው ፎንቱ መጥፎ ስለሆነ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ቅንብር ነው። «መሐመድ» በዐረብኛ ሚም፣ ሓ፣ ሚም፣ ዳል ሆኖ ከቀኝ ወደ ግራ ሳይላቀቅ ይጻፋል። ፊደሎቹ ተነጣጥለው ዳል በቀኝ ጫፍ ከታየ ፕሮግራሙ ዐረብኛን አልተረዳም። ኢላስትሬተር ላይ በፕሪፈረንስ የታይፕ ገጽ ለዐረብኛ የሚሆነውን የቋንቋ አማራጭ ያብሩ፤ ከዚያ በፓራግራፍ ሰሌዳ ኮምፖዘሩን (ፊደሎቹን የሚደረድረውን) ዐረብኛ ወደሚያውቀው ይቀይሩ። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ እና ዋው ግን ከሚከተላቸው ፊደል ጋር ስለማይያያዙ እነሱ ጋ ያለው ክፍተት ስህተት አይደለም።

«ስክሪን ላይ ካማረ ስቲከሩም ያምራል»

ስሙ ከካርድ ሌላ በስቲከር ሲሠራ ፕሎተር (ስቲከር ቆራጩ ማሽን) የሚከተለው የፊደሎቹን ጠርዝ ነው። ተያያዥ ፊደሎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ስለሚቀመጡ ስለቱ በየመገጣጠሚያው ውስጥ ያልፋል፤ ትርፉ ሲላጥ ስሙ ይበታተናል። ስለዚህ ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ አውትላይን (ወደ ተሣለ ቅርጽ) ይቀየራል፣ ከዚያ በፓዝፋይንደር «ዩናይት» ተደርጎ አንድ ቅርጽ ይሆናል፤ ኮረል ላይ «ዌልድ» ነው። ኢላስትሬተር ላይ ኮንትሮልና ዋይ ተጭነው መስመሩን ብቻ ሲያዩ ፊደል የሚያቋርጥ መስመር መቅረት የለበትም።

ለባጃጅ ከሆነ ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ሙጫው ትንሽ ስለሚሆን ቶሎ ይነሣል። 0.3 ሚሊ ሜትር ኦፍሴት (ጠርዙን ወደ ውጭ መግፋት) ቢጨመር በሁለቱም ጎን ተደምሮ 0.6 ያወፍረዋል፤ ከዚያ ድጋሚ ዩናይት ማድረግ ነው። የሚለጠፈውም በጠዋት ነው። በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ስቲከሩ ይለሰልሳል፣ ቀጭኑ ጭራም እጅ ላይ ይለጠጣል።