የሪጀንሲ ቀሚስና አሰፋፉ

የሪጀንሲ ቀሚስ የእንግሊዝ ሴቶች ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 1820 እ.ኤ.አ. ገደማ የለበሱት፣ ወገቡ ከጡት ሥር የሚያርፍ ረጅም ቀሚስ ነው። ስሙ የመጣው ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በሕመም መግዛት ሲሳናቸው ልጃቸው በእንደራሴነት ካስተዳደሩበት ዘመን (1811–1820) ቢሆንም ፋሽኑ ቀድሞ የገባ ነው። ዛሬ የታሪክ አልባሳት ወዳጆች ራሳቸው ሰፍተው ይለብሱታል። በእንግሊዝ ባዝ ከተማ በየዓመቱ መስከረም ላይ በሚከበረው፣ በዘመኑ ደራሲ በጄን ኦስተን ስም በተሰየመው ፌስቲቫልም ለባሾቹ በሰልፍ ይወጣሉ።

ከዚያ በፊት የቤተ መንግሥት ልብስ ከባድ ሐርና ቀሚሱን ከዳሌ የሚነፋ ድጋፍ ነበር። በ1783 ሠዓሊዋ ቪዤ ለብረን የፈረንሳይን ንግሥት ማሪ አንቷኔትን ስስ ነጭ ቀሚስ አልብሳ ሥላ በፓሪስ ለሕዝብ ብታሳይ፣ «ንግሥት በውስጥ ልብስ!» የሚያሰኝ ሆነና ሥዕሉ ከአዳራሹ ተነሣ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ግን ያው ስስ ነጭ፣ የግሪክና የሮም ሐውልቶችን አርአያ አድርጎ፣ ዋና ፋሽን ሆነ። ምርጡ ሙስሊን (ስስ የጥጥ ጨርቅ) ከእስያዋ ቤንጋል፣ በተለይ ከዳካ ይመጣ ነበር። በእንግሊዝ የላንካሻየር ፋብሪካዎች ገበያውን ሲይዙ የቤንጋል ሸማኔ ከሥራው ተፈናቀለ፤ ለፋብሪካዎቹ የሚሆነውን ጥጥ በብዛት ያመርቱ የነበሩት ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ የነበሩ ባሪያዎች ናቸው። የዋህ የሚመስለው ነጭ ቀሚስ ይህም ታሪክ አለበት።

ወደ ስፌቱ ስንገባ፣ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከቀሚሱ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉ ከሰውነት ጋር የሚገናኝ የውስጥ ልብስ፣ በላዩ ጡትን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ኮርሴት፣ ቀጥሎ የውስጥ ቀሚስ፣ በመጨረሻም ዋናው ቀሚስ ነው። የወገቡ መስመር የሚወሰነው ጡቱ በኮርሴቱ ከተነሣ በኋላ ስለሆነ ልኬትም የሚወሰደው ኮርሴቱ ተለብሶ ነው። ያለ ኮርሴት የተለካ ቀሚስ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሰፋ ወገቡ ይወርድና የቤት ልብስ ይመስላል።

ሁለተኛው ምሥጢር ጀርባው ነው። የትከሻው ስፌት ትከሻ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ወርዶ ያርፋል፤ የብብቱ ቅድም ወደ ጀርባ ገባ ይላል። ስለዚህ የጀርባው መካከለኛ ቁራጭ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፤ የእጅጌው ሽብሽብም በብዛት የሚሰበሰበው ከኋላ ነው። ጉርዱም እንዲሁ ነው፦ ፊቱ ለጥ ብሎ፣ ሽብሽቡ መሐል ጀርባ ላይ ይከማቻል። በዛሬ ቅድ የለመደ ሰው ይህን ስህተት መስሎት ሊያስተካክለው ይሞክራል። የላይኛውን ክፍል መጀመሪያ በአቡጀዲ ቀዶ፣ ሰው ላይ በስፒል እያስተካከሉ መሞከር ውዱን ጨርቅ ያተርፋል። በዘመኑም የልብስ ሰፊዎቹ ልማድ ገበሩን በደንበኛዋ አካል ላይ መቅረጽ ነበር።

ለመጀመሪያ ሥራ አንገቱና ወገቡ በክር የሚሳብ ቀሚስ ይመረጣል፤ ልኬት ትንሽ ቢሳሳት ክሩ ያቃናዋል። ፊቱ እንደ ሽርጥ ተነሥቶ ደረት ላይ በስፒል የሚያያዘው ዓይነት ለመስፋት ይከብዳል፤ ጥቅሙ ያለ ረዳት መለበሱ ነው። ዚፕ ገና አልተፈለሰፈም ነበርና ማሰሪያው ጥብጣብ፣ ስፒል ወይም ቁልፍ ነው። ለጨርቅ ስስ ጥጥ ይበቃል፤ የሚያንጸባርቅ ፖሊስተር ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ነጭም ግዴታ አይደለም፤ ጥቃቅን አበባ የታተመበት ጥጥ የቀን ልብስ ነበር።

የስፌት መኪና በገበያ የተስፋፋው ከ1850ዎቹ ወዲህ ስለሆነ በዘመኑ የተሰፉት ቀሚሶች ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ ናቸው። ዛሬ ብዙዎች ከውስጥ የሚቀሩትን ረጃጅም ስፌቶች በመኪና ጨርሰው፣ የሚታዩትን የአንገትና የታች ጠርዞች በእጅ ያጥፋሉ።