ማመንና መታመን

ሰላም ወገኖቼ። ሰሞኑን አንድ ወንድም "አንተ ግን እንዲያው ከልብህ የምታምነው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የማምነውን ለመናገር አዲስ ቃል መፈለግ የለብኝም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ፣ ከዚያም በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ያቆዩልን ጸሎተ ሃይማኖት አለ። ሁሉን በፈጠረ በአንድ አምላክ በእግዚአብሔር አብ፣ ስለ እኛ ሰው ሆኖ በተሰቀለና ከሙታን በተነሣ በኢየሱስ ክርስቶስ፣ ሕይወትን በሚሰጥ በመንፈስ ቅዱስ አምናለሁ። ለድርድር አላቀርበውም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ቃሉ "እናምናለን" ነው የሚለው፣ በብዙ ቁጥር። እኔ ደክሞኝ አፌ አልከፈት ያለ ቀን አጠገቤ የቆመው ይለዋል። እሱ ሲደክመው እኔ እልለታለሁ።

ግን እዚህ ላይ ብቻ ብቆም ያዕቆብ ይይዘኛል። "አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል" ይላል (ያዕ 2፥19)። እግዚአብሔር መኖሩን በማወቅ ብቻማ ከእነሱ በምን እሻላለሁ?

በቋንቋችን በጣም የምወደው ነገር አለ። ማመን፣ መታመን፣ ታማኝ፣ ሁሉም ከአንድ ሥር ናቸው። በየጸሎታችን መጨረሻ የምንለው "አሜን"ም የዚያው ዘር ነው። ማመን "እውነት ነው" ማለት ነው። መታመን ግን ራስን አደራ መስጠት ነው። ጌታ በመስቀል ላይ "አባት ሆይ፥ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ" ሲል ያደረገው ይሄንኑ ነው (ሉቃ 23፥46)። አደራ የምንሰጠው ለምናውቀው ሰው ነው፤ ሰጥተን ደግሞ በየሰዓቱ እየሄድን "አለ ወይ?" ብለን አንጠይቅም። እኔ ግን ስንት ጊዜ ሰጥቼ መልሼ ተቀብያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ታመመች። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ሌሎችንም አስጸለይኩ። አረፈች። ከዚያ አንድ የማከብረው ሰው "እምነትህ ቢበረታ ኖሮ ትድን ነበር" አለኝ። ለክፋት እንዳልተናገረው አውቃለሁ፣ ግን ለብዙ ጊዜ እናቴን የገደልኳት እኔ እንደሆንኩ እየተሰማኝ ነው የኖርኩት። ዛሬ ያንን ትምህርት በፍጹም አልቀበለውም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተነሣለትም፤ ያገኘው መልስ "ጸጋዬ ይበቃሃል" የሚል ነው (2ቆሮ 12፥8-9)። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ "ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ" ብሎ ጸለየ፣ ጽዋዋንም ጠጣት። እምነታቸው ጎድሎ ነው የሚል ማን አለ? እባካችሁ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አትናገሩ። አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

በዚያ ጊዜ የያዘኝ ማርቆስ ምዕራፍ 9 ላይ ያለው አባት ነው። ዲዳ መንፈስ የያዘውን ልጁን ይዞ መጣ። ደቀ መዛሙርቱ ሞክረው አልቻሉም፣ ጸሐፍት ቆመው ይከራከራሉ፣ ሕዝቡ ይጋፋል። ሰውየው "ቢቻልህ" ብሎ ነው የለመነው፤ ተስፋው ተንጠፍጥፎ ያለቀ ሰው ልመና ነው። ቀጥሎ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ ጮኸ። አያችሁት? እምነቱንም አለማመኑንም ይዞ ወደ አንዱ ጌታ ነው የሄደው። ጌታም "መጀመሪያ እምነትህን አስተካክለህ ና" አላለውም። ልጁን በእጁ ይዞ አስነሣው። ቶማስም ቢሆን ተጠራጥሮ ከወንድሞቹ አልተለየም፣ ከስምንት ቀን በኋላ አብሯቸው ስለነበረ ነው ጌታን ያየው።

ስለዚህ አካሄዴ ይሄ ነው። ጥርጣሬ ሲመጣ አልደብቀውም፣ ይዤው እጸልያለሁ። ጸሎት ቢደርቅብኝም ከጉባኤ አልቀርም። የተጣላሁት ሰው ካለ ቀድሜ እደውልለታለሁ፣ ይሄ ከሁሉም ይከብደኛል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ማታ ማታ ደግሞ መዝሙር 13ን አነባለሁ። 6 ቁጥር ብቻ ናት። "አቤቱ፥ እስከ መቼ" ብላ ትጀምራለች፣ እስከ 4ኛው ድረስ ጥያቄና ልመና ነው። 5ኛው ላይ "እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ" ይላል። በመካከላቸው ችግሩ ተፈታ የሚል አንድም ቃል የለም፤ ደጋግሜ ፈልጌዋለሁ። አንዳንድ ማታ 4ኛው ላይ ስደርስ ያቅተኝና እተኛለሁ። 5ኛውን ጠዋት ተነሥቼ አነበዋለሁ።