የትራፊክ ተፅዕኖ ጥናት ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤት ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ሲታጠር ሁለት ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። "የማን ነው?" እና "ስንት ፎቅ ነው?" ሦስተኛውን የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም፦ እዚህ የሚገበያየው ሰው በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

ይህን ጥያቄ ቆጥሮ የሚመልሰው ሥራ የትራፊክ ተፅዕኖ ጥናት ይባላል። የሚሠራውም መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የምናውቀው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የቅርብ ዘመዱ ነው። ያኛው ስለ ውሃውና ስለ አየሩ አብዝቶ ይጨነቃል፤ ይሄኛው ስለ መንገዱ።

አሠራሩ ግራ አያጋባም። መጀመሪያ ቆጣሪዎች መስቀለኛው ላይ ይቆሙና በየ15 ደቂቃው ስንት ተሽከርካሪ አልፎ ወዴት እንደታጠፈ ይመዘግባሉ። ከዚያ አዲሱ የገበያ ማዕከል በጥድፊያ ሰዓት ስንት ጉዞ እንደሚስብ ይገመታል። ሁለቱ ይደመሩና መንገዱ ይችለዋል ወይ ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አምስት በመቶ መኪና ቢጨመር መዘግየቱም አምስት በመቶ ብቻ የሚጨምር ይመስለናል። አይደለም። የባንክ መስኮት አስቡ። ገንዘብ ከፋይዋ በአማካይ በሰዓት 20 ሰው ታስተናግዳለች። ሰዉ እንደመጣለት የሚመጣ፣ የአንዱ ጉዳይ አጭር፣ የሌላው ረጅም ነው እንበል። በሰዓት 10 ሰው ከመጣ፣ በወረፋ ሒሳብ አንድ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ለመውጣት በአማካይ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። 16 ሲመጣ 15 ደቂቃ ይሆናል። 18 ሲመጣ ግማሽ ሰዓት። 19 ሲመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ! የተጨመረው አንድ ሰው ነው፣ የሚፈጀው ጊዜ ግን እጥፍ ሆነ። መንገድ ቁርጥ እንደ ባንክ መስኮት ባይሆንም ጠባዩ ይኸው ነው። ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ላይ ትንሽ ጭማሪ ትልቅ ጣጣ ያመጣል።

የደሴ ዋና መንገድ ደግሞ ተለዋጭ እንደልብ የለውም። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ግርጌ ረዘም ብላ የተኛች ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም በዚሁ ነው። የሐረጎን ዳገት ሲያቃስት የወጣ የጭነት መኪናና ከሰኞ ገበያ ሽንኩርት የጫነ ባጃጅ አንድ መስመር ይጋራሉ። ኮምቦልቻ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ሜዳ ላይ መንገድ መጨመር ይቀላል።

ግምቱን በተመለከተ ብዙ አገር የሚጠቀምበት የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም መጽሐፍ አለ። ለገበያ ማዕከል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሆቴል በወለል ስፋት ልክ ስንት ጉዞ እንደሚጠበቅ ይናገራል። ችግሩ፣ ቁጥሩ በአመዛኙ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በቤት መኪና ከሚገበያይባቸው የአሜሪካ ከተማ ዳርቻዎች ነው። እንዳለ ገልብጦ ደሴ ላይ ማምጣት ያሳስታል። የደሴ ሸማች በእግሩ ወይም በባጃጅ ነው የሚመጣው። በቤት መኪና የመጣ ሰው ሁለት ጉዞ ነው፤ ይገባል፣ ይወጣል። በኮንትራት ባጃጅ የመጣ ግን አራት ሊሆን ይችላል። ባጃጁ አድርሶት ባዶውን ይመለሳል፣ ሲጨርስ ሌላው ባዶውን መጥቶ ይወስደዋል።

ደግሞስ የት ነው የሚቆሙት? አንድ ቀን ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ባጃጅ ፍራሽ የያዘች ሴትዮ ለማውረድ ቆመ። ፍራሹ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ከኋላው ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ኋላ እኛ። "አብሽሩ፣ ጨረስኩ!" ይላል ልጁ፣ መልስ እየቆጠረ። ሁለት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ሰልፉ ግን ወደ ኋላ ጫፉ አይታይም ነበር። አንድ የገበያ ማዕከል በር ላይ ይህ ነገር በቀን ስንቴ እንደሚደገም ያልቆጠረ ጥናት፣ ለእኔ ጥናት አይደለም።

ቀኑም ወሳኝ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ቆጥሮ "መንገዱ ነፃ ነው" ማለት ይቻላል። በገበያው ቀን፣ ሰኞ ይቆጠር እስቲ! ዋዜማውን ተዉት፤ እኛ ጋ የገናውም የኢዱም ነው።

ጥሩ ጥናት "አትሥሩ" አይልም። በሩን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ መንገዱ አዙሩት ይላል። ባጃጅ የሚያወርድበት ቦታ ከይዞታችሁ ላይ ቆርሳችሁ ስጡ፣ ዕቃ ማራገፊያውን ግቢ ውስጥ አድርጉት፣ አይሱዙ በሌሊት ያራግፍ ይላል። ወረቀት ላይ በር ማዛወር የላጲስ ሥራ ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማን ይነካዋል?

ፓርኪንግ የተባለው ምድር ቤት ፓርኪንግ ሆኖ ይቀራል ወይ የሚለውን ግን ጥናቱ ብቻውን አይመልሰውም፤ የሚከታተል ይፈልጋል። እኔ ባለፈው ክረምት ብርድ ልብስ የገዛሁት ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። መኪና ማቆሚያ ተብሎ የታሰበ እንደነበር ወለሉ ላይ የቀረው ነጭ መስመር ይናገራል። ብርድ ልብሱ አሪፍ ነው። እስክወጣ የጠበቀኝ ባጃጅ ግን የቆመው አስፋልቱ ላይ ነበር።